ስለ ሜዱሎብላስቶማ ቀዶ ሕክምና ጥቂት ማስተካከያ

ይህ ስለ ሜዱሎብላስቶማ ያነበብኩትን አንድ ጽሑፍ የሚመለከት ነው። ጽሑፉ ትንሹ አንጎል (ከጭንቅላት ኋላ በታች ያለው የአንጎል ክፍል) ላይ በብዛት ልጆችን ስለሚይዘው ስለዚህ የካንሰር ዕጢ በደንብ ያስረዳል፤ «ዕጢው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት» የሚለው ግን ወላጅን ያሳስታል። ከአንጎል ግንድ ጋር ከተጣበቀ ሐኪሙ ስስ ንጣፍ ሆን ብሎ ይተዋል፤ እሱን መፋቅ ልጁን መዋጥና መተንፈስ ሊያሳጣው ይችላል። ቀሪው ከ1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ በተለመደው አመዳደብ ትልቅ አይባልም። የሚለካው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በ48፣ በሚነሳ ኤምአርአይ ነው። ከዘገየ ደምና ጠባሳ ዕጢ መስሎ ያሳስታል።

በጽሑፉ የአንጎል ፈሳሽ ጉዳይ ጭራሽ አልተነሳም። ዕጢው የፈሳሹን መተላለፊያ ሲዘጋ ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ የጠዋት ትውከቱና ራስ ምታቱ በአብዛኛው ከዚህ ነው። በዚህ ሰዓት ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ መቅዳት አደገኛ ነው፣ አንጎል ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል። በፈሳሹ ውስጥ የዕጢ ሴል ፍለጋው ከቀዶ ሕክምናው 2 ሳምንት ያህል በኋላ ይደረጋል። ፈሳሹን ከጭንቅላት ወደ ውጭ የሚያወጣ ጊዜያዊ ቱቦ የገባለት ልጅ፣ የቱቦው መለኪያ ዜሮ ከጆሮው ቀዳዳ ትይዩ ይሆናል። ቱቦው ክፍት ሆኖ አልጋው ከፍ ከተደረገ ፈሳሹ ከመጠን በላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ልጁን ከማንቀሳቀስ በፊት ነርሷን ጠርቶ ማስዘጋት ነው (አስታማሚ ሁሉ ይህን ቢያውቅ!)። ቋሚ ሹንት (ፈሳሹን ከጭንቅላት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚወስድ ውስጣዊ ቱቦ) ለሁሉም አያስፈልግም።

ሌላው፣ ከቀዶ ሕክምናው በነቃ በ1 ወይም በ2 ቀን ድንገት ንግግር የሚያቆም ልጅ አለ፤ ከአራት አንዱ ገደማ። ኩርፊያ አይደለም። ንግግሩ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፣ ጥራቱና የሰውነት ሚዛኑ ግን ሊጎድል ይችላል። መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ በአፍ ምንም አይሰጠው።