«ደም ያለበት ቢሆን ይመረጣል»

ባለፈው ክረምት የአንድ ማኅበር ሊቀ መንበር ስልክ ደወለልኝ። አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ማኅበራቸው በወገን ላይ የተፈጸመውን ግፍ የሚያሳይ ሙዚየም እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ሊከፍት እንዳሰበ አብራራልኝ፤ እሰየው አልኩ። ቀጥሎ አጎቴ በቀይ ሽብር መገደሉን ከሰው መስማቱን ነገረኝና ከእርሱ የተረፈ ልብስ ጎጃም ካለ እንዳስመጣ ጠየቀኝ። «ደም ያለበት ቢሆን ይመረጣል» አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ። የመላኪያውን ወጪ ቤተሰብ ከቻለው እንደ መዋጮ ይቆጠርለታል።

ልብሱ አለ። ቢቸና እናቴ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቡናማ ኮት ነው። የግራ ኪሱ ጠርዝ ተተርትሮ በጥቁር ክር ተጠቅሟል፤ አንደኛው ቁልፉ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ደም የለበትም። አጎቴ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ በተወሰደ ዕለት ኮቱን አልለበሰውም ነበር። ለሊቀ መንበሩ ይህን ስነግረው ቅር አለው።

የዚያን ጊዜ ማልቀስም ክልክል ነበር። አያቴ ኮቱን ከጤፍ ጎተራ ሥር ደብቃ ኖረች። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ነው ለቅሶው በወጉ የተደረገው፤ ድንኳን ተጥሎ፣ አገር ተሰብስቦ። እናቴ ኮቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ስትዞር አልቃሿ እንዲህ አለች፦

ኮቱስ እንኳን መጣ እጁን አጣጥፎ፣
ባለቤቱ የት አለ ማን አስቀረው ገፎ።

ልጅ ነበርኩ፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የሟች ዕቃ የሚወጣው እንዲህ ነው። የሚይዘው የሥጋ ዘመድ ነው፤ ስሙ ይጠራል፤ ሲያበቃ ተጣጥፎ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። የደም ነጠብጣብ ቆጥሮ የሚመርጥ ለቀስተኛ አላየሁም።

ሙዚየም አልጠላም። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ እዚህ ያለውን የሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት እልቂት፣ ሙዚየም ሳላሳይ አልሸኝም፤ መግቢያው ደግሞ በነፃ ነው። ማይዳኔክ ከተባለው የናዚ ካምፕ በውሰት የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጫማዎች ክምር አለ። ክፍሉ ያረጀ ቆዳና ጎማ ይሸታል፤ እዚያ ደርሶ ወሬውን የማያቋርጥ ሰው የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ያላሳዩት ነገር ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ከመከፈቱ በፊት ከሌላው የናዚ ካምፕ ከአውሽዊትዝ የተገኘ የሴቶች ፀጉር ለማሳየት ታቅዶ ነበር። ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች የእናቴ ወይም የእኅቴ ሊሆን ይችላል ብለው ተቃወሙ። ሊቃውንቱ ተከራከሩ፣ መረጃ ነው የሚሉም ነበሩ፤ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የወጣው የፀጉሩ ፎቶግራፍ ብቻ ሆነ። አውሽዊትዝ ራሱ ፀጉሩን እስከ ዛሬ በመስታወት ውስጥ ያሳያል፤ በዚያ ክፍል ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው።

ፈረንጅ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። ዲና ባቢት የተባለች ሠዓሊ በአውሽዊትዝ እስረኛ ሳለች የካምፑ ሐኪም መንገሌ አስገድዶ ሮማ (ጂፕሲ) የሚባለው ሕዝብ እስረኞችን መልክ አስሏታል። ከጦርነቱ በኋላ ሥዕሎቼን መልሱልኝ ብላ ለዓመታት ለመነች፤ የአውሽዊትዝ ሙዚየም የታሪክ ማስረጃ ናቸው ብሎ እንቢ አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይመለሱላት ሞተች። ይህን ለሊቀ መንበሩ ባነሳበት ለራሱ በሚመቸው በኩል ይወስደዋል ብዬ ተውኩት።

የእኛዎቹን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። በ2011 የእንግሊዝ ጦር ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ፀጉር ሲመልስ ሁላችንም እልል ብለናል። የሰው አካል እንዴት በባዕድ መደርደሪያ ይቀመጣል ያልን እኛው ነን። እነዚሁ ሰዎች በሰላማዊ ሰልፍ ላይ ራቁቱን የወደቀ ሬሳ ፎቶ በትልቁ አሳትመው ይሸከማሉ፤ ሥሩ የመዋጮ ሣጥን ይቆማል። የሟች እናት ያንን ፎቶ በልጅ ልጇ ስልክ ታየዋለች ብሎ የሚያስብ የለም። ወደ ሌላ ነገር ገባሁ መሰለኝ፤ ግን ያው ነው።

ማስረጃ ያስፈልጋል፣ አልካድኩም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዘር ማጥፋት ትርጉሙ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጨምር ስለነበር ነው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው። በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙም በ2010 ሄግ ላይ በጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል፤ ከክሶቹ አንዱ በነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉት 75 እስረኞች ጉዳይ ነው። እዚያ ፍርድ ቤት ሰው ቀርቦ መስክሯል፣ ሰነድ ተመርምሯል። ሲመረጥ ደም ያለበት ይሁን ያለ ዳኛ አልሰማሁም። አዲስ አበባ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያም አጽምና ልብስ ያሳያል፤ ሆድ ቢያስብስም ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆችና ከእስር የተረፉት ራሳቸው የደከሙበት ቤት ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ እቀበለዋለሁ።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ልጄ፣ በውሰት ነው ወይስ ጨርሰው ሊወስዱት?» አለችኝ። ሊቀ መንበሩን መልሼ ጠየቅሁት። በውሰት የሚለው ነገር በማኅበሩ ደንብ ላይ የለም። የርክክብ ወረቀት? በቅርቡ ይዘጋጃል። ነገ ማኅበሩ ቢፈርስስ፣ ቢከፈልስ? እናንተ ጎጃሞች ክርክር ትወዳላችሁ ብሎ ሳቀ።

ሙዚየም ይሆናል የተባለውን ክፍል ሄጄ አየሁት። የአንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ወርዝቷል። በአንድ ጥግ የሽንኩርት ጆንያ፣ በሌላው ለሰርግ የሚከራይ ወንበር ተደርድሯል። ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ስጠይቅ አስተናጋጁ «ማንም ይገባል፣ አይቆለፍም» አለኝ።