እምቢ ላለው ገበሬ፣ ከገበሬው ኪስ

የሐውልት ኮሚቴ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ታሪካችን ምን ይውጠው ነበር? እንግዲህ እኔም ሐሳብ አለኝ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ዳር፣ ለ1960ው የጎጃም ገበሬ አመፅ ሐውልት ይቁም። ቦታው ሲያንሰው ነው፤ ቢቸናም ሞጣም የአመፁ እምብርት ነበሩ።

ለረሳችሁ ባጭሩ ላስታውስ። በ1960 መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። የጎጃም ገበሬ ዛሬ ምርቱን ሊገምት የመጣ ነገ መሬቱን ሊለካ ነው፣ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስት የለም ብሎ ጠረጠረና ገማቾቹን አላስገባም አለ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለበት። እሱ ግን ያው እምቢ ነው። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

ለእንዲህ ያለ እምቢተኝነት የሚመጥን አከባበር እናውቅበታለን። መጀመሪያ መዋጮ ነው። በፈቃደኝነት ነው ታዲያ! ፈቃዱ ያልሆነ ገበሬ ማዳበሪያ ሊወስድ ሲመጣ አብሮ ይታሰብለታል። አያቶቹ አንከፍልም ብለው ሞቱ፣ የልጅ ልጆቹ ለአያቶቹ ማስታወሻ ከፈሉ። ሒሳቡ ተወራረደ ማለት አይደል?

ቀጥሎ ቦታው ይለካል። ባለሙያው ሜትሩን ይዞ ከአንዱ የጤፍ ማሳ ጥግ ችካል ይተክላል። አያቱ ቀላድ፣ ያን የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ሲያዩ ጠመንጃ ያነሡ ነበር፤ የልጅ ልጁ ግን ሠልጥኗል፣ የሜትሩን ጫፍ ይይዝላቸዋል። ካሣው በጥናት ላይ ነው።

የመሠረት ድንጋዩ ቀንማ አይወራም። ድንኳኑ፣ ቲሸርቱ፣ ኮፍያው፣ አበሉ! ገበሬውን ወክሎ የሚፎክረው ከከተማ የመጣ የኪነት ቡድን ነው፤ ቁምጣውም ጅራፉም አዲስ። እውነተኛው ገበሬ ከገመዱ ወዲያ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ዕብነ በረዱ ላይ ድንጋዩን ያስቀመጡት ክቡር እንግዳ ስም ከነሙሉ ማዕረጋቸው ይቀረጻል። የተሰዉት ስም ቦታ ስለጠበበ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተላልፏል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በጀት ሲገኝ ነው። (እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ጥብስ በልቼ ስለማውቅ ስታጨበጭቡ ከናንተ አላንስም።)

ዓመት ሁለት ዓመት ይሄዳል። የሲሚንቶው ጀግና ጠመንጃ የያዘበት ክንዱ ሳያልቅ ብረቱ እንዳገጠጠ ይቀራል። ምን ቸገረው? ፍየል ጥላው ሥር ታመሰኳለች፣ ደረቱ ላይ የኮሌጅ ምዝገባ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ከኋላው ደግሞ ሽንት የወጠረው መንገደኛ ታሪኩን ይጎበኛል። የሚኒባሱ ረዳት «ሐውልቱ ጋ ወራጅ አለ!» ሲል ማን ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ሒሳቡን ይከፍላል።

አጥር ግን ይታጠራል። ከብት ያስገባ ይቀጣል የሚል ታፔላም ይተከላል። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ በሬ ገመዱን በጥሶ ይገባና፣ ሰውዬው በገዛ አባታቸው ሐውልት ሥር ቆመው ከጋቢያቸው ጫፍ ብር ይፈታሉ።

«ደረሰኙስ፣ ልጄ?»

«ደረሰኝ የለውም አባቴ፤ ለሐውልቱ ዕድሳት ነው።»