መዝገቡ ክፍት ሆኖ ሳለ

ወገኖቼ፣ በለንደንም ሆነ በሌላ ባዕድ አገር የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ዛሬ የምጽፈው ልወቅሳችሁ ነው፤ ወቀሳው ግን ከእኔው ይጀምራል።

በዐቢይ ጾም በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመቅደላ ስለተዘረፉት ቅርሶች ለአካባቢያችን የምክር ቤት ተወካይ የሚላክ ደብዳቤ በአዳራሹ ውስጥ አስፈረምን። በደብዳቤው መካከል አንድ እንግሊዛዊ ፖለቲከኛ በምክር ቤት ተናገረው የተባለ፣ ልብ የሚነካ አንቀጽ ነበረበት፤ የተገኘውም ከቴሌግራም ነው። ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሰውም አጨበጨበ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ እየጠበቃቸው ስማቸውን ፊደል በፊደል ጻፉ፤ ሲጨርሱም ወረቀቱን ሳሙት።

መልሱ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። የጠቀስነውን ንግግር በምክር ቤቱ መዝገብ ፈልገው እንዳጡት ገልጸው፣ ቀኑንና የዓምዱን ቁጥር እንድንልክላቸው በትሕትና ጠየቁን። የምንልከው አልነበረንም፤ ንግግሩ የፈጠራ ነበርና። የእኒያ እናት ስም ከሐሰት በታች ሰፍሮ ቀረ፤ ይህን ለማንም፣ ለራሴም ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሀንሳርድ የሚባለው የእንግሊዝ ምክር ቤት መዝገብ እኮ ከ1803 ጀምሮ ያለውን ክርክር በኢንተርኔት በነፃ ያስነብባል፤ የተናጋሪውን ስም፣ አንድ ቃልና ዘመኑን ከሰጡት ገጹን ያወጣል። ያን ሌሊት «ኢትዮጵያ» ብዬ ስፈልግ ያሰብኩትን አጣሁ፤ በዘመኑ በሚጠሩን ስም «አቢሲኒያ» ብዬ ስጽፍ ግን እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1871 የተደረገው ውይይት ተከፈተልኝ። መቅደላ ከወደቀች ገና 3 ዓመቷ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን፣ ዘውዱና ጽዋው ከአገራቸው በመወሰዳቸው በጥልቅ እንደሚያዝኑ፣ ለምን እንደተወሰዱም ሊገባቸው እንዳልቻለ በመዝገቡ ሰፍሯል፤ የዘመቻው አዛዥ ናፒየርም ዕቃዎቹ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ይቀመጡ ማለታቸውን ግላድስተን አንስተዋል። (የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ንግግሩን «እሳቸው እንዲህ አሉ» በሚል አኳኋን ስለሚያሰፍሩት፣ ስትጠቅሱት ቃል በቃል የተናገሩት አታስመስሉት።)

ታዲያ እውነተኛው ምስክር በደጅ ቆሞ ሳለ ሐሰተኛ ምስክር የምንጠራ እኛ ምን ዓይነት ከሳሾች ነን? «ለአገር ብለን ነው» አትበሉኝ። ያን ጽሑፍ የፈጠረው ሰው በድሎናል፤ ሳንመረምር ያስተላለፍነው ደግሞ እጥፍ በድለናል። በዚህ አገር ሃያ ዓመት በትርጉም ሥራ እንጀራ የበላሁት እኔ፣ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ፍለጋ ከበደኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደ እኒያ እናት ቤት ሄጄ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ የግላድስተንንም ንግግር በአማርኛ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ይኼኛውስ የት እንዳለ አሳየኝ» አሉኝ። ስልኬን ከፍቼ ቀኑንና ዓምዱን አሳየኋቸው። አዲሱ ደብዳቤ ተጽፎ አልቋል፤ በመጪው እሑድ አዳራሹ ውስጥ አለሁ፤ እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እናንተም አሳየን በሉኝ።