የ20 ብር ሽክርክሪት

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ የፕላስቲክ በርጩማ የደረደረች አንዲት ጀበና ቡና አለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ አራት ሆነን እዚያ እንገናኛለን። በዕድሜ የሚበልጡን የሒሳብ ሠራተኛ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሴት ልብስ ሱቅ ያላት ወዳጃችን አለች። ቀን ስልክ የሚጠግን፣ ማታ ማታ የቴሌግራም ቦት የሚሠራ ልጅ አለ። አራተኛው እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ የተነሳው ክርክር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣምና ልንገራችሁ።

ነገሩን ያመጣው ልጁ ነው። ቡናው ሳይቀዳ ስልኩን አውጥቶ ለባለሱቋ ዘረጋላት። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ክብ አለ። እንደ ድፎ ዳቦ ስምንት ቦታ ተቆርሷል። አንዱ ቁራሽ ላይ ቀሚስ፣ የቀሩት ሰባቱ ላይ «እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ። በጣቱ ነካ አደረገው፤ ክቡ ተሽከረከረ። እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ መጣና ቀሚሱ ላይ ሊቆም ሲል ለጥቂት አልፎት ሄደ።

«አየሽ አይደል? ለጥቂት! ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያዘው» አላት። «ደንበኛሽ 20 ብር በቴሌብር ይከፍላል፣ አንዴ ያሽከረክራል። ከቀናው ቀሚስ ይወስዳል። በሁለት ሳምንት አደርስልሻለሁ።»

ለጥቂት ያለፈው በአጋጣሚ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አይ፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ እንዲቆም አድርጌ ነው የሠራሁት» አለኝ። በሥራው ኮርቷል።

ባለሱቋ ወደደችው። አልፈርድባትም። ገበያው ቀዝቅዟል፣ ኪራዩ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል። ሱቋ ድሮ ፒያሳ ነበር። አካባቢው በ2016 ሲፈርስ ወደ ስታዲየም መጣች። ያን ጊዜ ደንበኞቿን ሳይበተኑ ያቆየላት የቴሌግራም ቻናሏ ነው። በር ላይ ቆማ «ግቡ፣ እዩ» ስትል የነበረች ሴት ዛሬ ፎቶ ለጥፋ መልእክት ትጠብቃለች። ገንዘቡም ተቀይሯል። 20 ብር ለማስገባት ባንክ የሚሰለፍ ሰው የለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ በኋላ ግን 20 ብር ከአልጋ ሳይወርዱ የሚላክ ነገር ሆኗል። የልጁ ሽክርክሪት የቆመችው በዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይቺ ሎተሪ ናት። ሎተሪ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይካሄድም።»

«ጋሼ ደግሞ! ጌም እኮ ነው።»

«ስሙን ጌም ስላልከው ነው? ገንዘብ ከፍሎ ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ሎተሪ ነው የቆረጠው።»

ባለሱቋ ገባችበት። «ቆይ ጋሼ፣ በጨዋታ መሸጥ ነውር ነው እንዴ? እኔ በጨዋታ ሸጬ አውቃለሁ።»

እውነቷን ነው። ለፋሲካ ገደማ አንድ ዓይነት ቀሚስ አምጥታ ነበር። በ2,500 ብር ልትሸጠው አስባለች። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። ፎቶውን ቻናሏ ላይ አወጣችና «ዋጋውን ገምቱ፤ በጣም የቀረበ በግማሽ ዋጋ ይወስዳል» ብላ ጻፈች። መገመቱ በነጻ ነው። እስከ ማታ ግምቱ ጎረፈ። ልጆቿን አስተኝታ ቁጭ አለችና አንድ በአንድ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። አብዛኛው ሰው ከ1,700 እስከ 1,900 ነው ያለው። ከ2,000 ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነው። አንዷ ደግሞ «ያብረቀርቃል፤ ፖሊስተር መሰለኝ» ብላ ጽፋለች። ቀሚሱ ግን ጥጥ ነበር። የሱቁ መብራት አፍጥጦበት ነው ፎቶው የዋሸው። በማግስቱ ቀሚሱን በረንዳ ላይ ሰቅላ በጠዋት ፀሐይ እንደገና አነሳችው። እጅጌውን አቅርባ፣ ድርና ማጉ እስኪታይ። ዋጋውን 2,100 አደረገችው። ከበዓሉ በፊት አለቀ።

«በሦስት ዓመት ያላወቅኩትን በአንድ ማታ አወቅኩ» አለች። «ሱቅ የገባ ሰው "ተወደደብኝ" ብሎ ይወጣል እንጂ ስንት እንደሚመስለው አይነግርሽም። ሲጫወት ግን ይነግርሻል።»

እዚህ ጋ ቆም ማለት ፈልጌ ነበር፤ እነሱ ግን አለፉት። እኔ ግን አላልፈውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ሜዳ ላይ ሰው ይሉኝታውን ያወልቃል። ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢመታ እንኳ ቂም የለም። ደንበኛና ነጋዴም እንዲሁ ናቸው። ፊት ለፊት ሲገናኙ ይፈራራሉ፤ አንዱ ያጋንናል፣ ሌላው ያጣጥላል። ጨዋታ ሲሆን እውነቱ ይወጣል። ኢንተርኔት ያመጣው አዲስ ነገር ይህንን ሜዳ ማስፋቱ ነው። ድሮ ጨዋታው ከጎረቤት ጋር ነበር። አሁን በአንድ ማታ መቶ የማታውቀው ሰው ልቡን ይነግርሃል።

ጋሼ ግን አልለዘቡም። የእሳቸው ቅሬታ ሽክርክሪቷን አልፎ ሄዷል። «ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት። ለመሆኑ ከጌም ምን ሥራ ይወጣል?»

ልጁ ይህችን ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ቢሮ በምንድን ነው የምትጻጻፉት?»

«በስላክ ነዋ።» ጋሼ የሚሠሩት የውጭ ድርጅት ውስጥ ነው። ናይሮቢ ካሉት ባልደረቦቻቸው ጋር ቀኑን ሙሉ በስላክ ነው የሚነጋገሩት።

«ስላክ የወጣው ከጌም ነው።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጁ እየቀለደ ከሆነ እንድነግራቸው። አልቀለደም። ስቱዋርት በተርፊልድና ባልደረቦቹ ግሊች የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ሠርተው ነበር። የወደደው ወደደው፤ ግን ወጪውን የሚሸፍን ተጫዋች አልመጣም። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዘጉት። ታዲያ ሠራተኞቹ በተለያየ ከተማ ስለነበሩ፣ ጨዋታውን ሲሠሩ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መሣሪያ ለራሳቸው አበጅተው ነበር። ጨዋታው ሞተ፣ መሣሪያው ተረፈ። በዓመቱ አሳምረው ስላክ ብለው አወጡት። ሴልስፎርስ የሚባለው የአሜሪካ የሶፍትዌር ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲገዛው ዋጋው ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ያው በተርፊልድ በ2004 የፎቶ ማጋሪያውን ፍሊከርን ያወጣውም ከሌላ ካልተሳካ ጨዋታ ውስጥ ነው።

ይህን ሲያወሩ እኔ የማስበው ስለ ቋንቋችን ነበር። እኛ ጌሙንም ጨዋታ፣ ወጉንም ጨዋታ ነው የምንለው። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ተጫወቱ» እንላለን፤ አውሩን ማለታችን ነው። ግሊች ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጌሙ የሆነው ጨዋታ ተዘጋ፣ ወጉ የሆነው ጨዋታ ተረፈ።

ልጁ ሞቀው። «ይሄ ሁሉ ሰው የሚያወራለት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስስ? የሚሠራበት የኤንቪዲያ ካርድ እኮ ለጌም ነው የተሠራው!» አለ። ይህም ልክ ነው። ኤንቪዲያ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ሥራው የኮምፒውተር ጨዋታ ሥዕል የሚያሳምር ቺፕ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፒውተር ፎቶ አይቶ እንዲለይ ያስተማሩት፣ ማንም ተጫዋች ከሱቅ በሚገዛቸው ሁለት የጌም ካርዶች ነው። አምስት ስድስት ቀን ፈጀባቸው። በዚያ ዓመት በተደረገው ውድድር ተፎካካሪዎቻቸውን በሰፊ ልዩነት በለጡ። ከመካከላቸው ጄፍሪ ሂንተን በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ያንን ካርድ ለዓመታት ያሳደገው ልጆች ለጨዋታ ብለው የከፈሉት ገንዘብ ነው።

«እኔ ራሴስ?» ቀጠለ ልጁ። ሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ተሸናፊ ነው የሚከፍለው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ገንዘብ ሲያልቅበት የባለቤቱን የተበላሹ ጆይስቲኮች መፍታት ጀመረ። አንድ ጆይስቲክ ከጠገነ ሁለት ጨዋታ በነጻ። መበየጃ መጀመሪያ የጨበጠው እዚያ ነው። «የዛሬው እንጀራዬ ከዚያች ቤት ነው የወጣው» አለ።

ጋሼ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። «የተረፈውን ነገርከኝ። ያልተረፈውን ደግሞ እኔ ልንገርህ።»

በ2016 ክረምት ከተማው ሁሉ ስልኩን ሲነካካ የነበረበትን ጊዜ አስታወሱን። ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ሁሉም ጣቱን ያርገበግባል። ስክሪኑን በነኩ ቁጥር ዲጂታል ሳንቲም የሚያጠራቅሙበት የቴሌግራም ጨዋታ ነው፤ የዋናው ስም ሃምስተር ኮምባት ነበር። አዘጋጆቹ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለን ይሉ ነበር። ሳንቲሙ ለገበያ የወጣው ልክ በደመራ ዕለት ነው፤ መስከረም 16 ቀን 2017። አንዱ ሳንቲም የአንድ የአሜሪካ ሴንት ያህል ዋጋ ነበረው። ከዚያ በኋላ ብዙ ተመሳሳይ መጡ። የጋሼ የእህት ልጅ የያዘው ከኋላ የመጡትን አንዱን ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት አላርም ሞልቶ እየተነሳ ይነካ ነበር። ስድስት ወር። መጨረሻ ላይ ምንም አልወጣለትም።

«የናንተ ስላክ ይሁን ጆይስቲክ፣ ሲዘጋ የቀረ ነገር አለ» አሉ ጋሼ። «እኔ ቤት የቀረው እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው።»

ለአፍታ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ጋሼ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ሶፍት ዘረጉ።

«ቀሚሱ ስንት ያወጣብሻል?» አሏት።

«1,500።»

«እሺ። አንተ ልጅ፣ ክብህ ስምንት ቦታ ነው የተቆረሰው፣ አንዱ ቀሚስ ነው። ከስምንት ሰው አንዱ ቀሚስ ይወስዳል ማለት ነው?»

ልጁ ትንሽ አቅማማ። «እሱ ሥዕሉ ነው፣ ጋሼ። ዕድሉን እኛ ነን የምንሞላው። ከ200 አንድ ብናደርገው ያዋጣል።»

ጋሼ ጻፉ። 200 ሲባዛ በ20፣ 4,000። ሲቀነስ 1,500፣ 2,500። ከሥሩ አሰመሩበት። «2,500 ብር ተረፈሽ። ደግ። አሁን የቀሩትን 199 ሰዎች ንገሪኝ። እነማን ናቸው?»

መልስ አልሰጠችም። ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ፒያሳ ስትፈርስ ተከትለዋት የመጡት ናቸው።

«እቁብም እኮ ዕጣ ነው፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«እቁብ ላይ ዕጣው ተራሽን ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ ይውጣልሽ መጨረሻ፣ ብርሽ ይደርስሻል። ዕጣ አልወጣለትም ተብሎ ገንዘቡ የተበላ እቁብተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ልናገር። ስለ ጨዋታ ልጁ ልክ ነው፤ ስለ ሽክርክሪቷ ጋሼ ልክ ናቸው። ጨዋታ ሥራ አይወልድም የሚል ሰው የራሱን ቢሮ አላየም። ግን ግሊችም፣ የፕሌይስቴሽን ቤቱም፣ የባለሱቋ ግምትም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ሲያልቁ ሰው እጅ ላይ ነገር ጥለው ነው የሄዱት። መሣሪያ፣ ሙያ፣ በግምት የተሞላ ደብተር። ገማቾቹም ቢሆኑ ምንም አልከፈሉም፣ የተሻለ ዋጋ አገኙ።

ሽክርክሪቷ ለባለሱቋ እንኳ የምትነግራት ነገር የለም። 20 ብር የላከው ሰው ቀሚሱን ይውደደው አይውደደው፣ ልኩ ይሁን አይሁን፣ አታውቅም። ያሽከረከረው ሊሞክር ነው እንጂ ሊለብስ አይደለም። በዚህ ላይ ሥዕሉ ከስምንት አንድ ይላል፣ ፕሮግራሙ ከ200 አንድ። ይህ በሚዛን ላይ ጣት እንደ መጫን ነው። ሱቋ ውስጥ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ስልክ ላይ ስለሆነ ብቻ ቀለል ብሎ እንዲታያት አልፈልግም። በየመተግበሪያው እንዲህ ያለ ክብ እየበዛ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ይህን መሥራት የሚችል ልጅ ጭንቅላቱን በዚህ ላይ ማዋሉ ነው።

ስለዚህ ለልጁ የግምቱን ጨዋታ ቦት አድርገህ ሥራላት አልኩት። ግምቱን ራሱ ይደምር፣ መካከለኛውን ያውጣ፣ የትኛው ቀለም ብዙ እንደተወደደ ይለይ፣ ልክና ሰፈር ይጠይቅ። በደብተር ሌሊቱን ስትገለብጥ አትደር። እሱ አሰበበት። አይከብድም አለ፤ እንዲያውም ከሽክርክሪቷ ይቀላል።

«ይቺንስ ልጣላት?» አለ ስልኩን እያየ። አሳዘነኝ፤ በእርግጥም በጣም አሳምሮ ነው የሠራት።

«አትጣላት» አልኩት። «ግን ክቧ መሃል ላይ በትልቁ "ዕድልዎ ከ200 አንድ ነው" ብለህ ጻፍበት። ለጥቂት ያለፈው ቀሚስም በሠሪው ፈቃድ እንዳለፈ ጻፍ። ሰው ያንን አንብቦ 20 ብሩን ከላከ እኔም አልከራከርህም።»

ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«እንደዚያ ከተጻፈማ ማን ያሽከረክራል?» አለ።