ለአራተኛ ጊዜ «ምን ደረሰብሽ?» አትበሏት

ቤቷን ጥላ የወጣች እናት መጠለያ ጣቢያ ስትደርስ ቀድሞ የሚቀበላት ጥያቄ ነው። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ስሟንና የቤተሰቧን ቁጥር ይመዘግባሉ፤ ቀጥሎ ያለው ስለ ጤናዋ ይጠይቃል፤ ከዚያ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ይመጣል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ድርጅት የራሱን ቅጽ ይዞ ይደርሳል። ሁሉም «ምን ደረሰብሽ?» ይላሉ። ትንሹ ልጇ ቀሚሷን ጨምድዶ እንደያዘ መንገድ ላይ የጠፋውን የታላቅ ወንድሙን ነገር ለአራተኛ ጊዜ ይሰማል። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የታዘዙትን ቅጽ ነው የሚሞሉት። የጠፋውን ልጇን የት ሄዳ ማፈላለግ እንደምትችል ግን አንዳቸውም አልነገሯትም።

በጦርነት፣ በጎርፍ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ስለሚሰጥ የአእምሮ ጤናና ስነ ልቦናዊ ድጋፍ በተነሳ ቁጥር ፊቴ የሚደቀነው ይኼ ጠረጴዛ ነው። ድጋፉ ምግቡ፣ ውኃውና ድንኳኑ ከተዳረሰ በኋላ አንድ ባለሙያ መጥቶ የሚሰጠው ነገር ተደርጎ ይታሰባል። እኔ ግን እዚያ ሰልፍ ላይ ይጀምራል፣ ወይም እዚያው ይበላሻል ባይ ነኝ።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማትንና ሌሎች የረድኤት ድርጅቶችን የሚያስተባብረው ቋሚ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያ ድጋፉን ባለ አራት እርከን ፒራሚድ አድርጎ አስቀምጦታል። ከታች ያለው ሰፊው መሠረት ደኅንነትና መሠረታዊ አገልግሎት ነው፤ ያውም የሰውን ክብር በማይነካ መንገድ የሚሰጥ። ከእሱ በላይ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ፣ ቀጥሎ ሠልጥነው ግን ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች የሚሰጡት እገዛ አለ። የአእምሮ ሐኪሙ ጫፉ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየን ጫፉ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ ድባቴ፣ የጭንቀት ሕመም፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ወይም ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ እስከ መስማት የሚያደርስ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም) አለባቸው። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ ከባድ ቁጥር ነው። የቀሩት አራቱስ? እነሱም እንቅልፍ ያጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይደነግጣሉ። ያ ግን በሽታ አይደለም፤ ሐዘንና ድንጋጤ ነው። ሐዘንተኛን ሁሉ በሽተኛ ማድረግ፣ በሽተኛውን «ሐዘን ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ከመተው የማይተናነስ ጥፋት ነው።

አንድ ጊዜ ጥሩ ነው ተብሎ በሰፊው ሲሠራበት የነበረ ዘዴ ነበር። ከአደጋ የተረፉ ሰዎች ገና ድንጋጤው ሳይለቃቸው የደረሰባቸውን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ዘርዝረው እንዲያወጡ ይደረግ ነበር። ሐሳቡ «ይውጣለት፣ ይቀለዋል» ነው። ጥናቶች ሲመረምሩት ግን በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዳይሠራበት ይመክራል። «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰው መብቱ ነው። ማውራት ሲፈልግ የሚሰማው ማግኘትም እንዲሁ መብቱ ነው።

በምትኩ የመጣው ስነ ልቦናዊ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የመስክ መመሪያ በሦስት ቃላት ይጠቀልለዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማን ተጎድቷል፣ ማን ብቻውን ነው ብሎ ማየት፤ ሳያስገድዱ ማዳመጥ፤ ከሚፈልገው አገልግሎትና ከዘመዱ ጋር ማገናኘት። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም። ሹፌሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ውኃ የምታድለው ልጅ ሊሠለጥኑበት ይችላሉ። ሥልጠናው ምን ማለት እንደሌለብንም ያስተምራል። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ልጇን ላጣች ሴት ግን እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

የሚረሱም አሉ። አደጋው ከመድረሱ በፊት ታመው መድኃኒት ላይ የነበሩ ሰዎች። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥበት ተደጋጋሚ፣ ለሞት የሚያደርስ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ እሳት በየሜዳው በሚነድበት መጠለያ ውስጥ አንድ ጊዜ መውደቅ እንኳ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ወንድማቸውን ይዘው መሸሽ ያቃታቸው ቤተሰቦች ምን ያህል እንደሚጨነቁ፣ ሠራተኞቹ ሸሽተው በር ተዘግቶባቸው የሚቀሩ የሕክምና ተቋም ታካሚዎች ምን እንደሚደርስባቸው ማንም በካሜራ አያሳየንም። በ2019ኙ ግምት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከሃያ ሰው አንዱ ያህል ናቸው። ለእነሱ መድኃኒት ማቅረብ ወደ «ሁለተኛ ምዕራፍ» የሚገፋ ሥራ ሊሆን አይገባም። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ነው።

«ሰው እየራበው ስለ አእምሮ ይወራል ወይ?» የሚሉ አሉ፤ በቅንነት የሚሉ። በከባድ ድባቴ የወደቀች እናት ግን ስንዴው መቶ ሜትር ላይ ቢከመርላት ተነስታ አትሰለፍም። ራሽኑ አለ፤ ልጁ ግን ይራባል። ሌላው ክርክር «ባለሙያ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ባለሙያው የለም። ስለዚህ ሥራው ለሌሎች እንዲከፋፈል ተደርጎ ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አምስት ጊዜ የሚሰጥ የምክክር ፕሮግራም በግጭት በተጎዳው የፓኪስታን ፔሻዋር አካባቢ ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሠልጣኞች ተሰጥቶ፣ ጭንቀትንና ድባቴን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ታይቷል። በኢንዶኔዥያዋ አቼ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ሱናሚ በፊት የነበረው አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ከአደጋው በኋላ በመጣው ትኩረትና ገንዘብ ነርሶች ሠልጥነው አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ። እንዲህ ያለው ዕድል የሚገኘው ግን ዓለም ፊቱን ሳያዞር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ወደዚያ ጠረጴዛ ልመለስ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ድርጅቶቹ ተነጋግረው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቋት፤ ፈቃዷን ጠይቀው መረጃውን ይጋሩ። ወንበር ይኑር። ልጁ እናቱን ከሩቅ እያየ የሚጫወትበት ጥላ ይዘጋጅ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው ደግሞ የጠፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልገው የቀይ መስቀል ሠራተኛ የት እንዳለ ይወቅ፤ መልስ ከሌለው «እስካሁን አላወቅንም፤ ነገ በዚህ ሰዓት እዚሁ እጠብቅሻለሁ» ይበላት፤ በማግስቱም በዚያው ሰዓት እዚያው ይገኝ።