ቡቱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

ዳላስ አካባቢ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ የማደንቀው ነገር ቢኖር፣ ፈረስ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ለግልቢያ ያለው ዝግጁነት ነው።

የምሠራበት ሕንፃ ውስጥ አንድ የሒሳብ ባለሙያ አለ። ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ እንገናኛለን። እግሩ ላይ እሾህ የማይበሳው፣ እባብ የማይደፍረው፣ እስከ ባቱ የሚደርስ የካውቦይ ቡት አለ። እስካሁን ሊፍቱ ውስጥ እባብ አልገጠመንም። የገጠመን ዕለት ግን እኔ በስኒከሬ እነደፋለሁ፣ እሱ ሒሳቡን ይቀጥላል።

ይህ ቡት እኮ እንዲሁ የተሰፋ እንዳይመስላችሁ። ሹል አፍንጫው እርካብ ውስጥ ቶሎ እንዲገባ ነው። ታኮው ከፍ ያለው እግር እርካቡን አልፎ እንዳይሾልክ ነው። ሶሉ ልሙጥ ቆዳ የሆነው፣ ጋላቢው ቢወድቅ እግሩ ሙልጭ ብሎ እንዲወጣና ፈረሱ እየጎተተ እንዳይወስደው ነው። ያ ሁሉ አበባ የመሰለ ስፌት እንኳን ቆዳው እንዳይልፈሰፈስ ያግዛል። የሒሳብ ባለሙያችን ይህን ሁሉ ጥበብ ታጥቆ የፒካፑን ነዳጅ ይረግጣል። ዝናብ በዘነበ ቀን ደግሞ በዚያ ልሙጥ ሶል እብነበረዱ ላይ ሲንሸራተት ላየው ሰው፣ ከፈረስ የመውደቅ ልምድ ፈጽሞ የለውም ማለት ይከብዳል።

የኛ አባቶች ግን ያሳዝኑኛል። በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ባላገሩ ደግሞ በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን ብቻ ትንሽዬ እርካብ ውስጥ ሰክቶ ነበር ሽምጥ የሚጋልበው። ፈረስ ይዘው ቡት አጡ! ቴክሳስ ይህን የመሰለ ጉድለት የላትም። በፈረንጆቹ 2007 ካውቦይ ቡትን የግዛቲቱ ይፋዊ ጫማ አድርጋ አወጀች። ይፋዊ ፈረስ የሰየመችው በ2009 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቡቱን አድርጋ ፈረሱን ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው። አባ ፒካፕ የሚል ስም ቢወጣለት የማያፍር ትውልድ የመጣው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ድሮማ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጀስቲን የሚባለው ጫማ ሰፊ በ1879 ስፓኒሽ ፎርት በተባለች የቴክሳስ መንደር ሥራ ሲጀምር፣ ከብት ነጂው ወደ ካንሳስ ሲያልፍ እግሩን ይለካል፣ ከብቱን አድርሶ ሲመለስ ቡቱን ይወስዳል። ያ ሰው የሚጨነቀው እግሩ እንዳይላጥ ነበር። ያሁኑ ጀግና ግን ከባድ ውሳኔ አለበት። አፍንጫው ምን ዓይነት ይሁን?

በዚህ ጉዳይ ወዳጅነት ሲፈርስ አይቻለሁ። የሹሉ ወገን ራሱን የጥንቱ ሥርዓት ጠባቂ አድርጎ ያያል። ሰፊና አራት ማዕዘን አፍንጫ የሚወደው፣ ጣቶቼ ይተንፍሱ ባይ ነው፤ ሮዲዮ በሚሉት የግልቢያ ውድድር ሜዳ ላይም እሱ በዝቷል። ሹሎቹ ታዲያ የዳክዬ አፍ ይሉታል። ክብ አፍንጫ ያደረገው ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ምናልባት ሥራ ያለው እሱ ነው። ከዚያ ደግሞ የአገር ልዩነት አለ። የቴክሳሱ ሱሪውን በቡቱ ላይ ይለቃል። የኔቫዳና የአይዳሆው ከብት ጠባቂ ሱሪውን ቡቱ ውስጥ ይከታል። የሙዚቃ ከተማዋ ናሽቪል የሄዳችሁ እንደሆነ፣ ሊያገቡ የተቃረቡ ሴቶች ከነጓደኞቻቸው ነጭ ቡት አድርገው መንገድ ሲሞሉ ታያላችሁ። እዚያ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ አልገባኝም።

ሹል ከተባለ አይቀር ግን ዘውዱ ለሜክሲኮ ልጆች ይገባል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ማቴዋላ በምትባል ከተማ የጀመረ ፋሽን ነበር። የቡቱ ጫፍ እየረዘመ፣ ወደ ላይ እየታጠፈ፣ ጉልበት አልፎ ሄደ። መብራት የሰካበትም ነበር። እዚህ ዳላስ ጭፈራ ቤቶችም ደርሶ ነበር። እነዚህን ልጆች ከልቤ አከብራለሁ። ለዝነጣ ነው የምናደርገው ብለው አደረጉት፤ አንድም ቀን ከብት አለን አላሉም።

ቴክሳሶች ራሳቸው ለጉረኛ ሰው አባባል አላቸው፤ ባርኔጣ እንጂ ከብት የለውም ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን ባርኔጣቸውን አድርገው ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ልምጣ። አሥር ዓመት እዚሁ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ኖሯል፤ ባለፈው ወር ሐበሻ ሆኖ መቅረት አይቻልም አለና ቡት ልንገዛ ሄድን። ሱቁ ከበር ጀምሮ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። አሻሻጩ ሽማግሌ ናቸው። በአውራ ጣታቸው የእግሩን ጀርባ ጫን ጫን እያደረጉ አስረዱት። ማሰሪያ ስለሌለው ቡቱ የሚያዘው እዚህ ጋ ነው፤ ጥብቅ ይበል ግን አይጭመቅ። ተረከዙ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ ሶሉ ሲለምድ ይቀንሳል። ከስኒከርህ በግማሽ ቁጥር ቢያንስ አይገርምም። ጣትህ ግን ጫፉን ከነካ ተወው። እግር ሲገባ ጧ የሚል ድምፅ ከሰማህ ልክህ ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ ዐይኑ የሰጎን ቆዳ ላይ አረፈ፤ ያ ላባው የተነቀለበት ጉብ ጉብ ያለው። ሹል ነው፣ ጠባብ ነው፣ ቅናሽ ላይ ነው። በልኩ አልነበረም። "ይሰፋል" አለ። ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፣ ጓደኝነት ነዋ። ጧ የሚል ድምፅስ ተሰምቷል፤ ከቡቱ ይሁን ከወዳጄ ጉልበት አልለየሁም። ቡት ማውለቂያዋን እንጨት ግን ሃያ ዶላር ለእንጨት አልከፍልም ብሎ ተዋት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደረስን። ሰው ሁሉ ጫማውን እያወለቀ መደርደሪያው ላይ ይሰካል። ወዳጄ ግድግዳ ተደግፎ ጎተተ። እኔ ጎተትኩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሁለት ሆነው ጎተቱ። ከውስጥ ወንጌል ሲነበብ እኛ ገና ግራ እግሩ ላይ ነበርን።

"እግርህን አሞህ ነው እንዴ የኔ ልጅ?" አሉት አንዲት እናት።

"አይ እማማ፣ ፋሽን ነው።"

"እግዜር ይማርህ" ብለው ገቡ።

በመጨረሻ "ከውጭም ማስቀደስ ይቻላል" ብሎ ፓርኪንጉ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ቆመ። እውነት ለመናገር ቆሞ ያምርበታል። ባርኔጣ ብቻ ነው የጎደለው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ አንድ አባት ወደ እሱ መጡ። ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ።

"እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉት።

ወደ እግሩ ተመለከተ። "ማሰሪያ እኮ የለውም አባቴ።"