«ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረችን

ለንደን፣ ታወር ድልድይ አጠገብ፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ አንዲት ትልቅ የጦር መርከብ ታስራ ቆማለች። ኤችኤምኤስ ቤልፋስት ትባላለች። ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሰው ብዛቱ! ሕጻናት መሰላሉን ሽቅብ ቁልቁል ይሉበታል። ወጥ ቤቱ፣ ዳቦ መጋገሪያው፣ የጥርስ ሐኪሙ ክፍል ሳይቀር ለጎብኚ ይታያል። የመርከበኞቹም ትዝታ በራሳቸው ድምፅ ይሰማል። ስዞር አንጀቴ አረረ።

እኛም ነበረችን እኮ! ስሟም «ኢትዮጵያ» ነበር።

አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሯት ናት። ያኔ «ኦርካ» ትባል ነበር። ሥራዋ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል ሲሆን፣ ፊሊፒንስ አካባቢ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች መጥተውባት ተርፋለች። እ.ኤ.አ. በ1962 ለእኛ ተሰጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ፣ የካዴቶች ማሠልጠኛም ነበረች። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የአገር ስም የተጻፈባት መርከብ!

ጦርነት ነበር፣ ወደብም አጣን። ይገባኛል። ማን ያምጣት፣ የትስ ትቁም?

ግን የእንግሊዝ መንግሥትም በ1971 መጀመሪያ ላይ ቤልፋስትን አላስቀምጥም ብሎ ነበር። ሻርንሆርስት የተባለውን የጀርመን የጦር መርከብ በማስመጥ የተሳተፈችውን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ የተኮሰችውን መርከብ ማለት ነው። ሊቆራርጧት ነበር። ያዳኗት ግለሰቦች ናቸው። የቀድሞ አዛዧና የፓርላማ አባሉ አድሚራል ሞርጋን ሞርጋን-ጋይልስ መርከቧን ለማዳን የተቋቋመውን ማኅበር መሩ፣ ተሟገቱ፣ መርከቧን ተረከቡ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለሕዝብ ተከፈተች። መንግሥት እምቢ ሲል ሰው እሺ አላለም። እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው።

የእኛ መርከብ አትመለስም። መርከበኞቿ ግን በየስደቱ አገር አሉ። አንድ የማውቃቸው አባት ሞተር ክፍሏ ውስጥ ሠርተዋል። የቀይ ባሕር ሙቀት እዚያ ውስጥ ምን እንደሚመስል ሲያወሩ ሰውነቴ ያልበኛል። ፎቶዎቻቸውን ለአንድ ሙዚየም ልስጥ ብለው ቢጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው አጡ። ልጆቻቸውም አልጠየቋቸውም። ሰማንያን ተሻግረዋል እኮ!

ለእድር እናዋጣለን፣ ለቤተ ክርስቲያን እናዋጣለን። ለእነዚህ ሰዎች ታሪክ መቅረጫ የሚሆን ገንዘብ እንዴት እናጣለን? ፎቶዎቹን እኔ ስካን ማድረግ ጀምሬያለሁ። ባሕር ኃይል የነበረ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። በየትኛው መርከብ እንደሠሩ፣ በ1991 የት እንደነበሩ፣ አብረዋቸው የነበሩት እነማን እንደሆኑ ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ቅዱ።